በሳጥኑ ውስጥ ማን አለ?

ሰሞኑን በየሻይ ቤቱም በየቢሮውም የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ይሄ ቻትጂፒቲ የሚሉት ነገር በእውነት ያስባል እንዴ? ይሰማዋል?» አንዱ «እንዴታ! ከጓደኞቼ ይልቅ እሱ ይረዳኛል» ይላል። ሌላው «ተወኝ ባክህ፣ ማሽን ማሽን ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። በምን እርግጠኛ እንደሆኑ ብትጠይቋቸው ግን ሁለቱም ይንተባተባሉ።

ጥያቄው ትናንት የተወለደ ይመስለናል። አይደለም። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ የክርክር ታሪክ አለው። ያን ታሪክ ስናገላብጠው ስለ ማሽን ከሚነግረን ይልቅ ስለ ሰው የሚነግረን ይበዛል። «እገሌ አእምሮ አለው፣ እገሌ የለውም» እያልን ስንፈርድ በምን ሚዛን እየመዘንን እንደኖርን ያሳያል። ሚዛኑም አንድ ቀን እንኳ ቀጥ ብሎ አያውቅም። ዛሬ እሱን እንይ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ጥምጣም ያሰረው የእንጨት ሰው

በ1770 ነው፤ ቪየና፣ ሾንብሩን ቤተ መንግሥት። እቴጌ ማሪያ ቴሬዛና መኳንንቶቿ በተሰበሰቡበት ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፕለን የሚባል የቤተ መንግሥቱ ሹም አንድ ትልቅ የእንጨት ሳጥን አስገባ። ሳጥኑ ላይ የቼዝ ገበታ አለ። ከሳጥኑ ኋላ ጥምጣም ያሰረ፣ ካባ የለበሰ፣ የሰው ቁመት ያለው የእንጨት ሰው ተቀምጧል። በአለባበሱ ምክንያት «ቱርኩ» ተባለ።

ኬምፕለን የሳጥኑን በሮች በየተራ እየከፈተ፣ ሻማ እያበራ ውስጡን አሳየ። የሚታየው ጥርስ ያለው መዘውርና ዘንግ ብቻ ነው። ከዚያ በሮቹን ዘጋና ማሽኑን እንደ ሰዓት በቁልፍ ሞላው። የእንጨቱ እጅ ተነሳ፤ ጠጠሩን ይዞ አንቀሳቀሰ። ጨዋታው ሲያልቅ ሰው ተሸንፎ ማሽኑ አሸንፎ ነበር።

ቱርኩ ከዚያ በኋላ ለ84 ዓመት አውሮፓንና አሜሪካን አስደመመ። በ1783 ፓሪስ ላይ ከቤንጃሚን ፍራንክሊን ጋር ተጫወተ። በ1809 እዚያው ሾንብሩን ውስጥ ናፖሊዮንን ገጠመ። የኮምፒውተርን ሐሳብ ከጠነሰሱት ሰዎች አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅም ገጥሞት ተሸንፏል። አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ በ1836 «እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎ ረጅም ጽሑፍ ጻፈበት። በመጨረሻ በ1854 ፊላዴልፊያ ውስጥ በእሳት ቃጠሎ ወደመ።

ምስጢሩ ምን ነበር? በሳጥኑ ውስጥ ሰው ነበረ። ጎበዝ የቼዝ ተጫዋች ነው። በሮቹ ሲከፈቱ በሚንሸራተት ወንበር ላይ ሆኖ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይሸሻል። በሮቹ ሲዘጉ ሻማ ለኩሶ፣ ከበላዩ ያሉት ጠጠሮች የት እንዳሉ በማግኔት እየተከታተለ የእንጨቱን እጅ ያንቀሳቅሳል። የሻማው ጭስ በእንጨቱ ሰው በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ጭሱ እንዳይታወቅ ደግሞ ከውጭ ብዙ ሻማ ይበራል።

እስቲ ነገሩን ልብ በሉት። ታላላቅ ሊቃውንት ከሳጥኑ ውጭ ቆመው «ይህ እንጨት ያስባል? አእምሮ አለው?» እያሉ ይከራከራሉ። በእርግጥ የሚያስበውና የሚያልበው፣ ጭስ የሚያንቀው ሰው ግን ከሥራቸው ተጣጥፎ ተቀምጧል። ስለ እንጨቱ አእምሮ ብዙ ቀለም ፈሰሰ፤ ስለ ሰውዬው ሳንባ ግን ማን ተጨነቀ?

የመጀመሪያው ስህተታችን ይህ ነው፤ አእምሮ ለሌለው አእምሮ መስጠት። ሁለተኛው ግን ከዚህ ይከፋል።

፪. ጩኸቱን ያልሰማነው

ከቱርኩ 133 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1637፣ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት አንድ መጽሐፍ አሳተመ። እንስሳት እንደ ሰዓት ያሉ ማሽኖች ናቸው ሲል ተከራከረ። ሰውን ከማሽን የምንለይባቸውን ሁለት ምልክቶችም አስቀመጠ። የመጀመሪያው ቋንቋ ነው፤ ማሽን ቃል ሊያወጣ ይችል ይሆናል እንጂ ለተባለው ሁሉ አግባብ ያለው መልስ ሊሰጥ አይችልም። ሁለተኛው እንደ ሁኔታው መላ መፍጠር ነው፤ ማሽን ለአንድ ሥራ ቢሰለጥን ለሌላው ይሰንፋል።

ሐሳቡ ወረቀት ላይ ሲነበብ ጨዋ ይመስላል። ወደ ተግባር ሲወርድ ግን ሌላ መልክ ያዘ። በፖር ሮያል ገዳም አካባቢ ይኖር የነበረው ኒኮላ ፎንቴን በማስታወሻው እንደጻፈው፣ የዴካርትን ትምህርት የተቀበሉ ሰዎች ውሾችን ሳንቃ ላይ ቸንክረው በቁማቸው ይቀዱ ነበር። የሚሰሙትን ጩኸት የሰዓት ሽቦ ሲነካ ከሚያሰማው ድምፅ ለይተው አያዩትም ነበር። ውሻው ቋንቋ የለውማ! «አመመኝ» ብሎ በፈረንሳይኛ አልተናገረማ!

በ1789 እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም ይህን ነገር ገለበጠው። ዋናው ጥያቄ ያስባሉ ወይ፣ ይናገራሉ ወይ ሳይሆን ይሠቃያሉ ወይ ነው አለ። አንድ መስመር ነገር ናት፤ ግን ሰው ለመቀበል ብዙ ዘመን ፈጀበት። በሰው ላይ እንኳ አልተሠራባትም።

ከ1845 እስከ 1849 አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ ውስጥ ጄምስ ማሪዮን ሲምስ የተባለ ሐኪም የፊስቱላ ቀዶ ሕክምናን በባርነት በተያዙ ጥቁር ሴቶች ላይ እየሞከረ ተማረ። የሦስቱን ስም እናውቃለን፤ አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ። አናርካ ብቻዋን ወደ 30 ጊዜ ያህል ተቀድዳለች። ማደንዘዣ አልተሰጣትም። የኤተር ማደንዘዣ በ1846 በይፋ ከታየ በኋላም ሲምስ አልተጠቀመበትም። ጥቁር ሰው እንደ ነጭ አያመውም የሚለው እምነት በዘመኑ ተራ ነገር ነበር። ፊስቱላ እኛ ዘንድ የማይታወቅ ነገር አይደለም። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታል ከፍተው በሺዎች የሚቆጠሩ እናቶች ተፈውሰዋል። የዚያ ሕክምና የሩቅ ታሪኩ ግን ከነዚያ ከሦስቱ ሴቶች ጩኸት ጋር የተያያዘ ነው።

«ያ የባርነት ዘመን ነው» እንዳትሉ አንድ ቅርብ ነገር ልጨምር። እስከ 1980ዎቹ ድረስ በአሜሪካና በእንግሊዝ ትልልቅ ሆስፒታሎች ሳይቀር ብዙ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ ይቀደዱ ነበር። ሕፃኑ እንዳይንቀሳቀስ ጡንቻ የሚያሽመደምድ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ የሕመም ማስታገሻ ግን አይሰጠውም ወይም እጅግ ያንሳል። ማደንዘዣው ራሱ ሕፃኑን ይገድለዋል የሚል ፍርሃት ነበር። ከዚያ ጋር ደግሞ «ነርቩ ገና ነው፣ አያመውም፣ ቢያመውም አያስታውሰውም» የሚል እምነት ነበር። ይህን የቀየረው በ1987 የታተመው የካንዋልጂት አናንድና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። አናንድ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ደም መረመረ። በቂ ማደንዘዣ ያላገኙት ሕፃናት ሰውነት በጭንቀት ሆርሞን ተጥለቅልቆ ተገኘ። አፋቸው ያልተናገረውን ደማቸው ተናገረ።

እናት ልጇን አቅፋ ከጥንትም የምታውቀውን ነገር ሳይንስ በ1987 ደረሰበት ማለት ነው።

፫. ከማሽን ጋር መላመድ

ወደ ማሽኑ እንመለስ። በ1950 እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ «ማሽን ማሰብ ይችላል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በጨዋታ ተካው። ጠያቂው በአንድ ክፍል ይቀመጣል። በሌላ ክፍል ሰውና ማሽን አሉ። ጠያቂው በጽሑፍ ብቻ እየጠየቀ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ማሽኑ ካምታታው «ያስባል» ከማለት ምን ያግደናል? ቱሪንግ ትንበያም ሰጠ፤ በ50 ዓመት ውስጥ ተራ ጠያቂ ለአምስት ደቂቃ አነጋግሮ በትክክል የመለየት ዕድሉ ከ70 በመቶ አይበልጥም አለ።

አስተውላችኋል? የቱሪንግ ፈተና ከዴካርት የመጀመሪያ ምልክት ጋር ሥጋ ዝምድና አለው። ሁለቱም ምስክር አድርገው ያቆሙት ቋንቋን ነው። ዴካርት «ማሽን አይችልም» አለ፤ ቱሪንግ «ከቻለስ?» አለ።

መልሱ ከተጠበቀው ቀድሞ ግማሽ መንገድ መጣ። በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለ የኤምአይቲ ፕሮፌሰር «ኢላይዛ» የምትባል ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ሥራዋ እጅግ ቀላል ነበር፤ የተባለችውን ገልብጣ መልሳ መጠየቅ። «እናቴ አትወደኝም» ብትሏት «ስለ ቤተሰብህ ንገረኝ» ትላለች። እንደ ሥነ ልቦና ሐኪም ነው ነገሯ። ውስጧ ግን ምንም የለም። ዋይዘንባውም ይህን ለሁሉም ነግሯል። የገዛ ጸሐፊው ራሷ ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ያየች ሴት ናት። ቢሆንም ከኢላይዛ ጋር ጥቂት እንደተጻጻፈች «እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ» አለችው። ከማሽኑ ጋር የግል ጨዋታ ይዛለች!

ዋይዘንባውም ደነገጠ። በ1923 በርሊን የተወለደ፣ በ1936 ከናዚዎች ሸሽቶ ከቤተሰቡ ጋር አሜሪካ የገባ አይሁዳዊ ነበር። ሰው ከሰውነት ተራ ሲወጣ ምን እንደሚመስል በልጅነቱ አይቷል። በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር መሥራት ቢችል እንኳ ልንሰጠው የማይገባ ሥራ አለ ሲል ተከራከረ። የፈራው ማሽን ሰው ይሆናል ብሎ አልነበረም። ሰው ራሱን እንደ ማሽን ማየት ይጀምራል ብሎ ነው።

፬. ዳዊት ደጋሚው ልጅ

በ1980 አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሰርል በቱሪንግ ላይ አንድ ምሳሌ አመጣ። ቻይንኛ የማያውቅ ሰው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። በቻይንኛ የተጻፈ ጥያቄ በቀዳዳ ይገባለታል። እሱ የመመሪያ መጽሐፉን እያየ «ይህ ምልክት ሲመጣ ያንን ስጥ» በሚለው ሕግ መልስ ይሰጣል። ውጭ ያሉት «ቻይንኛ ያውቃል» ይላሉ። እሱ ግን አንዲት ቃል አልገባችውም። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው አለ ሰርል፤ ምልክት ያቀያይራል እንጂ ትርጉም አያውቅም።

ለኛ ይህ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። የንባብ ቤት ልጅ ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር ይወርደዋል። መነሻውን መጣያውን፣ ወዳቂውን ተነሺውን ለይቶ፣ ጥርት አድርጎ ያነበንበዋል። የግእዙን ትርጉም ግን ገና አያውቀውም። ሊቃውንቱም ይህን ስለሚያውቁ ንባብ ቤትና መጽሐፍ ቤት ለየብቻ ነው። ማንበብና ትርጓሜ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሰርል ሳይወለድ በፊት ሥርዓት አበጅተውለታል።

ግን ምሳሌው እዚህ ላይ ሲደርስ ሰርል ያላጠበቀው ነገር ብቅ ይላል። ያ ልጅ የሚያነበው ባይገባውም ባዶ አይደለም። ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ውሻ ያባርረዋል፤ ሌሊት ብርድ ይቆረጥመዋል፤ እናቱ ትናፍቀዋለች። የግእዙ ትርጉም ባይገባውም የብርዱ ትርጉም ይገባዋል።

ስለዚህ ማወቅና መሰማት ሁለት ነገሮች ናቸው። ልጁ ሳይገባው ይሰማዋል። ማሽን ደግሞ በተቃራኒው ሳይሰማው ብዙ ነገር ሊሠራ ይችላል። «ማሽኑ ጎበዝ ነው፤ ስለዚህ ንቃተ ህሊና አለው» የሚለው ክርክር የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው። ጉብዝና ሌላ፣ መሰማት ሌላ። ሕፃኑ ጎበዝ አልነበረም፤ ግን አሞታል።

እኛ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ብለን ስም ስናወጣለት ደግሞ ሳናስበው ፍርዱን ቀድመን ሰጥተናል። ማስተዋል እኮ ማስላት ብቻ አይደለም። «ልብ አለ» እንላለን፣ «ሆዱ ባባ» እንላለን፣ «አንጀቴ ተላወሰ» እንላለን። አማርኛ ስሜትን ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አያስቀምጠውም፤ ልብ፣ ሆድና አንጀት ውስጥ ያኖረዋል። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉት፤ የሚፈጀው ኃይል 20 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ ከደብዛዛ አምፖል አይበልጥም። ይህ አንጎል ብቻውን የተንጠለጠለ አይደለም። የሚራብ ሆድ፣ የሚመታ ልብ፣ የሚሞት ገላ አለው። ሥራው መጀመሪያ ይህን ገላ በሕይወት ማቆየት ነው። የዛሬው ማሽን የሚሞት ገላ የለውም። የሚቀጥለው ቃል ምን እንደሚሆን ይገምታል፤ ሥልጠናው እሱ ነው።

፭. ምስክሩ ሲረክስ

ሰኔ 2022 ላይ ብሌክ ሌሞይን የተባለ የጎግል መሐንዲስ ላምዳ የተባለው የኩባንያው የቋንቋ ሞዴል ስሜት አለው ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ማሽኑ መጥፋትን እንደሚፈራ ነግሮታል። ጎግል አልተቀበለውም፤ በሚቀጥለው ወር አሰናበተው።

አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2021፣ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከኤሚሊ ቤንደርና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጽሑፍ እነዚህን ሞዴሎች በበቀቀን መስላቸው ነበር። ቃል ከቃል የመገጣጠም ዕድሉን እያሰሉ ይደግማሉ እንጂ የሚሉትን አያውቁም ማለቷ ነው። ትምኒትም በ2020 መጨረሻ ላይ በዚሁ ጽሑፍ ምክንያት በተነሳ ውዝግብ ከጎግል ወጥታለች። እንግዲህ እዩት፤ ማሽኑ ይሰማዋል ያለውም ወጣ፣ አይሰማውም ያለችውም ወጣች።

ግን የላምዳ «እፈራለሁ» ለምን ማስረጃ አይሆንም? ምክንያቱ ቀላል ነው። ማሽኑ የሰለጠነው የሰው ልጅ በጻፈው ጽሑፍ ክምር ላይ ነው። ያ ክምር ውስጥ ፍርሃታችን፣ ሐዘናችን፣ ኑዛዜያችን ሁሉ አለ። ሞትን እንፈራለን ብለን ሚሊዮን ጊዜ ጽፈናል። ማሽኑ ስለ መጥፋት ሲጠየቅ «እፈራለሁ» ቢል የሰጠን የራሳችንን ድምፅ መልሶ ነው። ገደል ላይ ቆሞ የጮኸ ሰው መልሶ የሚሰማውን ድምፅ «ገደሉ ፈርቷል» አይልም።

ስለዚህ ዴካርት በ1637 የጠራው፣ ቱሪንግ በ1950 ያጸደቀው ምስክር ዛሬ ረክሷል። ቋንቋ ከእንግዲህ ለአእምሮ በቂ ምስክር አይደለም። ልብ በሉ፤ ድሮም በቂ አልነበረም። ውሻው አልተናገረም፤ ግን አሞታል። ሕፃኑ አልተናገረም፤ ግን አሞታል። ኢላይዛ ተናገረች፤ ግን ምንም አልተሰማትም። ቋንቋን የሙጥኝ ብለን በሁለቱም በኩል ተሳስተናል።

«የወፍ ወንዱ፣ የሰው ሆዱ አይታወቅም» ይባላል። እውነት ነው። የጎረቤታችንን ሆድ እንኳ ገብተን አናየውም፤ የምናምነው ገላው እንደ ገላችን፣ እንባው እንደ እንባችን ስለሆነ ነው። ማሽን ላይ ስንደርስ ይህ ድልድይ የለም። ሆኖም «ሥጋ ስላልሆነ በፍጹም አይሰማውም» ማለትም ተረጋግጦ ያለቀ ነገር አይደለም። ዋናው የአሠራሩ ቅንብር እንጂ የተሠራበት ነገር አይደለም የሚሉ ብዙ ፈላስፎች አሉ። በ2023 ዮሹዋ ቤንጂዮን ጨምሮ 19 ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት የንቃተ ህሊና ንድፈ ሐሳቦችን አንድ በአንድ ይዞ ማሽኖቹን መዘነ። መደምደሚያቸው፦ አሁን ካሉት ሥርዓቶች ንቃተ ህሊና አለው ለማለት በቂ ምክንያት የሚሰጥ የለም፤ ወደፊት እንዳይሠራ የሚያግድ ግልጽ ቴክኒካዊ እንቅፋት ግን አይታይም። እኔ ይህ ሚዛናዊ አቋም ይመስለኛል። ከሁሉ በላይ ማሽኑ ምን አለ ብለው አይደለም የመዘኑት፤ ውስጡ እንዴት ይሠራል ብለው ነው።

፮. የሶፊያ ዜግነት

ጥቅምት 2017 ላይ ሪያድ ውስጥ በተደረገ የኢንቨስትመንት ጉባኤ ሳዑዲ አረቢያ ሶፊያ ለምትባል ሮቦት ዜግነት ሰጠች። ሶፊያን የሠራት ሆንግ ኮንግ የሚገኘው ሃንሰን ሮቦቲክስ ነው። ከሶፍትዌሯ በከፊሉ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣቶች እጅ አለበት። በ2018 አዲስ አበባ መጥታም ነበር፤ የአካል ክፍሎቿ የያዘው ሻንጣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ጠፍቶባት ተቸግራ ነበር። አማርኛም ተናገረች፤ ደስ አለን። የልጆቻችን ሥራ ነውና ደስ ሊለን ይገባል።

ነገር ግን የዜግነቱን ቀን መለስ ብለን እናስበው። የዚያን ቀን የሳዑዲ ሴቶች ገና መኪና መንዳት አልተፈቀደላቸውም፤ የተፈቀደው በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ነው። የዚያን ቀን በዚያችው አገር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን በከፋላ ሥርዓት ሥር ነበሩ፤ ብዙዎቹ ፓስፖርታቸው አሠሪያቸው መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ከአራት ዓመት በፊት፣ ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚያው አገር ተጠርዘው ተመልሰዋል። በ2017 ሌላ የማባረር ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። ስሜት እንዳላት ማንም ያላረጋገጠላት ፕላስቲክ ዜጋ ሆነች። ስሜት እንዳላት ማንም ሊጠራጠር የማይገባው የቤት ሠራተኛ «ካላሠሪዬ ፈቃድ መውጣት አትችይም» ተባለች።

ይህ የቱርኩ ሳጥን ነው። ሕዝቡ ጥምጣም ያሰረውን እንጨት ያያል፤ ሰውዬው ከሥር ነው።

ሳጥኑም ዛሬ አለ። በ2005 አማዞን የጥቃቅን ሥራ ገበያ ሲከፍት ስሙን «ሜካኒካል ተርክ» አለው፤ ኮምፒውተር ያልቻለውን ሥራ በርቀት ሰው እንዲሠራው የሚያደርግ ነው። ስሙን ሲመርጡ ታሪኩን አውቀውት ነው። ታይም መጽሔት በጥር 2023 እንደዘገበው ደግሞ ቻትጂፒቲ ጨዋ እንዲሆን፣ ናይሮቢ ውስጥ የተቀጠሩ ሠራተኞች በሰዓት ከ2 ዶላር በታች እየተከፈላቸው የግፍ፣ የመደፈርና የግድያ ጽሑፎችን ሲያነቡና ሲለዩ ቆይተዋል። ከሠራተኞቹ መካከል ያነበቡት ነገር አእምሯቸውን እንደጎዳው የተናገሩ አሉ። ዓለም «ማሽኑ ይሰማው ይሆን?» ብሎ ሲጨነቅ፣ በእርግጥ የሚሰማቸው ሰዎች ሳጥኑ ውስጥ ነበሩ። የናይሮቢው ሳጥን ከኛ በአውሮፕላን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው።

፯. ታዲያ ምን እንያዝ?

የአራቱ መቶ ዓመት ታሪክ አንድ ነገር ደጋግሞ ያሳየናል። «አእምሮ አለው፣ የለውም» የሚለው ፍርድ ብዙውን ጊዜ ከጥቅም ጋር አብሮ ሄዷል። ውሻው አያመውም ማለት ለቀዳጁ ይመቸዋል። አናርካ አያማትም ማለት ለሐኪሙ ይመቸዋል። ቱርኩ ያስባል ማለት ለቲኬት ሻጩ ይመቸዋል። ዛሬም «ማሽናችን ይወድሃል፣ ይናፍቅሃል» ማለት ለሻጭ ይመቻል፤ ብቸኛ ሰው በየወሩ ይከፍላልና። ነገ ደግሞ በእርግጥ የሚሰማው ማሽን ቢሠራ «ኧረ ብረት ነው» ማለት ለዚያው ሻጭ ይመቸዋል፤ ብረት ደመወዝና ዕረፍት አይጠይቅምና።

ስለዚህ ይህ ክርክር በተነሳ ቁጥር ሦስት ነገር ጠይቁ እላለሁ። አንደኛ፣ የሚናገረውን ወደ ጎን ብንተወው ምን ማስረጃ ይቀራል? ሁለተኛ፣ ይህ መልስ ማንን ያተርፋል? ሦስተኛ፣ ስለ ማሽኑ ስናወራ ከሥሩ የተረሳው ሰው የት ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ዛሬ «በቂ የለም» ነው። ነገ ሊለወጥ ይችላል፤ ከተለወጠም በሕፃናቱ ላይ እንዳደረግነው እስከ መጨረሻ እንዳንዘገይ ጆሯችንን ክፍት እናድርግ። የሁለተኛው መልስ እንደ ጊዜው ይቀያየራል። የሦስተኛው መልስ ግን ምርምር አይጠይቅም። ናይሮቢ ስክሪን ላይ አፍጣለች፤ ሪያድ ማድ ቤት ውስጥ ቆማለች፤ ምናልባትም በገዛ ቤታችን እየሠራች፣ ዛሬ ምን እንደተሰማት ማንም ሳይጠይቃት ልትተኛ ነው። የሷ ሆድ እንዲታወቅ ፈላስፋ አያስፈልግም፤ መጠየቅ ይበቃል።

ቸር እንሰንብት።